የወገብ ሕመምን በሂፕኖሲስ ማስታገስ ይቻላል?

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃን ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 46 ነው። ወገቤን ካመመኝ ሦስት ዓመት አልፎኛል። ኤምአርአይ ተነስቼ ኦፕራሲዮን እንደማያስፈልገኝ ተነግሮኛል። ዲክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ስወስድ ጨጓራዬ ይነሳብኛል። ሂፕኖሲስ ሕመም ያስታግሳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ራሴን እስታለሁ? ከእምነቴስ አይጋጭም?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ሕመሙን ሊያቀልልዎት ይችላል እንጂ መነሻውን ግን አያድንም። በሂፕኖሲስ ውስጥ ያለ ሰው ራሱን አይስትም። ድምፅ ይሰማል፣ ያልፈለገውን እምቢ ይላል፣ ሲፈልግ ዓይኑን ገልጦ ይነሳል። መንፈስ የሚጠራበት ወይም ድግምት የሚደገምበት ነገር የለውም፤ ሐሳብን አንድ ቦታ ላይ አጥብቆ ማሳረፍ ነው። ልብዎ ካልረጋ የሚያደርጉትን ለንስሐ አባትዎ በዝርዝር ይንገሯቸው። በስጋት የተወጠረ ሰው ላይ ልምምዱ ብዙም አይሠራም።

በ1997 እ.ኤ.አ. በካናዳ ሞንትሪያል የወጣ ጥናት ጉዳዩን ያብራራዋል። ሰዎች እጃቸውን በሚያም ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክረው፣ በሂፕኖሲስ “ስሜቱ እምብዛም አያስጨንቅም” ሲባሉ ጭንቀቱ ቀነሰ፤ ከስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል ሥራም አብሮ ተለወጠ። እርስዎም ከዚህ የሚጠብቁት ይህንኑ ነው። ከ10 ነጥብ 7 የነበረው ሕመም ወደ 5 ቢወርድ ትልቅ እፎይታ ነው። ሁሉም ሰው እኩል እንደማይቀበለውም ይወቁ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር እናስጠንቅቅዎ። እግርዎ ከደከመ፣ በጭንዎ መሐል ከደነዘዘዎት፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተዎት ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክብደት መቀነስ ካለም የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ስለሚችል ይመርመሩ። እንዲህ ያለውን ሕመም ማደንዘዝ አደጋ ነው። የጨጓራዎን ነገርም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ሰገራዎ ከጠቆረ አይዘግዩ።

አሁን ወደ ሥራው። በቀን ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ይበቃል። መደገፊያ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጡ፤ አልጋ ላይ ከተጋደሙ እንቅልፍ ይወስድዎታል። ብርዱ ቢከፋም በተዘጋ ክፍል ከሰል አያስገቡ፤ ዓይኑን ጨፍኖ የተዝናና ሰው የከሰሉ ጋዝ ሲመርዘው አይነቃም። ሕመምዎን ከ0 እስከ 10 ቁጥር ሰጥተው ይጻፉ። ከዓይንዎ ከፍ ያለ የግድግዳ ነጥብ ላይ ትክ ብለው እያዩ፣ 4 እስኪቆጥሩ አየር ያስገቡ፣ 6 እስኪቆጥሩ ያስወጡ። የዓይንዎ ቆብ ሲከብድ ይጨፍኑ። ከ10 ወደ 1 እየቆጠሩ ከግንባር እስከ እግር ጣት ሰውነትዎን ያላሉ።

ከዚያ ቀኝ እጅዎ በኅዳር ውርጭ ማለዳ፣ ውጭ ባደረ ባልዲ ውሃ ውስጥ እንደገባ ያስቡ። አይቸኩሉ። መጀመሪያ ይቆረጥምዎታል፣ ቀጥሎ ይነዝርዎታል፣ ከዚያ የጣቶችዎ ጫፍ ይደነዝዛል፤ ድንዛዜው ቀስ እያለ መዳፍዎን ይይዛል። ሦስት አራት ደቂቃ ይስጡት። እጅዎን ወገብዎ ላይ አሳርፈው ድንዛዜው ወደሚያምዎት ቦታ ሲሰርግ ይከታተሉ። ወገብዎን ብርድ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ግን ይህን ምስል ይተዉት፤ በምትኩ እሳት ዳር የሞቀ የመንዝ ባና ወገብዎ ላይ እንደተደረበ ያስቡ። ስሜቱ ሲደርስ አውራ ጣትዎንና ሌባ ጣትዎን አጋጥመው ይጫኑ፤ ውሎ አድሮ መጫኑ ብቻ ስሜቱን ይጠራልዎታል። ከ1 እስከ 5 ቆጥረው ዓይንዎን ይግለጡና ቁጥሩን ደግመው ይጻፉ።

ብዙዎች የሚሳሳቱት “አያመኝም፣ አያመኝም” በማለት ነው። እንዲህ ሲሉ አንጎል ሕመሙ መኖር አለመኖሩን እየፈተሸ ያገኘዋል። “ወገቤ እየቀዘቀዘ፣ እየራቀ ነው” ይበሉ። ሌላው ስሕተት ሕመሙ ሲበረታ ብቻ መሞከር ነው፤ ቀለል ባለ ሰዓት ያልተለማመዱት በጭንቅ ጊዜ አይታዘዝዎትም። ቢያንስ ለአራት ሳምንት ሳይቋረጥ ይሥሩ። የሌለ ነገር የሚታየው ወይም የሚሰማው ሰው ግን ያለ አእምሮ ሐኪም አይሞክረው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ሲና ነው የምጽፈው። ጥርሴን ልነቀል ነው፣ መርፌ በጣም እፈራለሁ። በሂፕኖሲስ ብቻ ይቻላል?

መልስ፦ መርፌውን አይተዉት። ጄምስ ኤስዴይል የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በ1840ዎቹ በሕንድ፣ የዛሬው ሂፕኖሲስ በመነጨበት ዘዴ ብዙ ኦፕራሲዮን ሠርቷል፤ ሲጀምር ግን ሌላ ማደንዘዣ በእጁ አልነበረም። ከቀጠሮዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ከላይ ያለውን የእጅ ድንዛዜ ይለማመዱ፤ ድንዛዜውን ወደ ድድዎ ያሸጋግሩት። መርፌው ሲገባ ወደ ውጭ ይተንፍሱ፤ መድኃኒቱም ቀስ ተብሎ እንዲሰጥዎት ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ፤ በፍጥነት ሲገፋ የበለጠ ያማልና።