ሕመሙ ሲለቀኝ ነው የተሸወድኩት

እህቴ፣ «ባለቤቴ ከኩላሊቱ ወደ ፊኛው በሚወርደው የሽንት ቱቦ ላይ 7 ሚሊ ሜትር ጠጠር አለ ተብሎ ነበር፤ በ3ኛው ቀን ሕመሙ ስለተወው ወደ ቀጠሮው አልሄድም አለኝ፣ ልተወው ወይስ ላስገድደው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አስገድጂው። መቼም እንደኔ ሹፌር መሆን አለበት፤ ሽንቱን ቋጥሮ፣ ውሃ ሳይጠጣ የሚውል ሌላ ማን አለ!

1. ሕመሙ ስለተወው አትዘናጉ። የኔው 8 ሚሊ ሜትር ነበር። አፋር ውስጥ ሚሌ ላይ ሌሊት ጀመረኝ። ከጎኔ ተነስቶ ወደ ብሽሽቴ ይወርዳል፣ ለቀቅ ያደርገኝና ተመልሶ ይይዘኛል፤ ያስመልሰኛል። ወገቡን ያመመው ሰው ጸጥ ብሎ ይተኛል፣ ጠጠር የያዘው ግን መሬት ላይ ይንከባለላል። እኔ የወንበሩ ጣጣ ነው ብዬ ዲክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ተወግቼ ነዳሁ። አዲስ አበባ ገብቼ አልትራሳውንድ ታየሁ፤ ቱቦውን የሚያላላ ታምሱሎሲን የሚባል ኪኒን ተሰጠኝና በ2 ሳምንት ተመለስ ተባልኩ። በ4ኛው ቀን ሕመሙ ብን ብሎ ጠፋ። ጓደኞቼ «ቢራው ነው ያወረደው» አሉ፣ እኔም አምኜ ደገምኩ። የቀጠሮው ዕለት ጅቡቲ ድንበር ጋላፊ ነበርኩ።

2. ሽንቱን በሻይ ማጥለያ ያጥልል (ሌላ ማጥለያ ግዢ እንግዲህ)። ጠጠሩን በዓይናችሁ ካላያችሁ አልወጣም በሉ። ከ5 ሚሊ በታች የሆነው አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይወጣል፤ የኔና የባልሽ ዓይነቱ ግን ብዙ ጊዜ ይቀረቀራል። ተቀርቅሮ ዝም ሲል ሽንቱ ከኋላው እየተጠራቀመ ኩላሊቱን ያሳብጠዋል፣ ያውም ሳያም። እኔ ይህን ያወቅሁት ከ4 ወር በኋላ ሎጊያ ላይ ሲያንቀጠቅጠኝ ነው። አፋር ውስጥ የተንቀጠቀጠ ሁሉ ወባ ነው የሚመስለው፤ ደሜ ታይቶ «ወባ የለብህም» ስባል እንኳ አላመንኩም፣ የወባ ኪኒን ገዝቼ ዋጥኩ። 2 ቀን በከንቱ ሄደ። በመጨረሻ አንዲት ነርስ ጎኔን መታ ስታደርገኝ ጮህኩ። «ጠጠር ነበረብህ እንዴ?» አለችኝ። የተዘጋ ኩላሊት ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ ሰው ይገድላል። ባልሽን ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ካለው ቀጠሮ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

3ኛውን ልጽፍ ስል ከሎጊያ ሪፈር የተባልኩበት ሆስፒታል ካርድ ክፍል ትዝ አለኝና ደሜ ፈላ። የት እንደሆነ አልናገርም። ትኩሳቴ 39 አልፎ መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብያለሁ፤ ሰውዬው የሪፈር ወረቀቴን ወደ መብራቱ አንስቶ «ማኅተሙ አይነበብም፣ አስደግመህ ና» አለኝ። ከየት? ከሎጊያ! ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተመልሼ! ረዳቴ ጮሆ አንድ ሐኪም ባይሰማ ኖሮ ዛሬ ይህን የሚጽፍልሽ አልነበረም። መጀመሪያ ሽንቱ እንዲያልፍ ስቴንት የሚሉትን ቀጭን ቱቦ አስገቡልኝ፤ ኢንፌክሽኑ ሲጠፋ ጠጠሩን በሌዘር ሰባበሩት። ስቴንቱ ተረስቶ እንዳይቀር የሚወጣበትን ቀን ዳሽቦርዱ ላይ ጽፌ ለጠፍኩ፤ እሱም ውስጥ ከቆየ ራሱ ጠጠር ያበቅላል። ግራ ኩላሊቴ ግን እንደ ድሮው አይሠራም።

ይኸው 3 ዓመት ሆነኝ፣ አንድም አልተመለሰብኝ። ጄሪካን ውሃ ከጎኔ አይጠፋም፣ ሽንቴ ነጣ ካላለ እጨምራለሁ፤ ጨውና ጥሬ ሥጋ ቀንሻለሁ። ወተት ተው ያሉኝ ነበሩ፣ ሐኪሙ ግን አትተው ብሎኛል።

ነገ ስትሄዱ የድሮውን የአልትራሳውንድ ውጤት ያዙ። አልትራሳውንድ ቱቦው መሀል ያለውን ጠጠር ሊስተው ስለሚችል «የለም» ቢሏችሁም ስለ ሲቲ ስካን ጠይቁ። ሪፈር ከጻፉላችሁ ደግሞ ከክፍሉ ሳትወጡ ማኅተሙን እዩት።