ምድር ቤት ገብታ ጉንዳን ላስቸገራት እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ግንቦት ላይ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት ገባሽ። ዝናቡ ሲጀምር ጥቃቅን ጥቁር ጉንዳን ከኩሽናው መስኮት በኩል እየወጣ ስኳሩን፣ የልጅሽን የዱቄት ወተት፣ አልፎ አልፎም የሕፃኑን አልጋ መውረር ጀመረ። ፍሊት እንዳትነፊ የዘጠኝ ወር ልጅሽ ወለል ለወለል ይድሃል። እናም ቤት ውስጥ ባለ ነገር ምን ላድርግ ብለሻል።

እስካሁን የመለሱልሽ እህቶች ጨው ነስንሺ፣ ቀረፋ በትኚ፣ የቡና አተላ አፍስሺ ብለውሻል። በቅንነት ነው ያሉሽ፤ እኔም ሁሉንም ሞክሬዋለሁ። ስድስት ዓመት ሻይ ቤት ከፍቼ ከስኳር፣ ከማርና ከዳቦ ጋር ስውል የኖርኩ ሰው ነኝና በጉንዳን ጉዳይ ብዙ ተሸንፌ ጥቂት ተምሬያለሁ። መልሴ ስለሚረዝም ልጁ ሲተኛ አንብቢው።

በቅድሚያ ጉንዳን መሆኑን አረጋግጪ። ምስጥ ነጣ ያለና ወገበ ወፍራም ነው፤ ስኳር ላይ አይሰለፍም፤ ፍለጋው እንጨት ነው። በበሩ መቃን ላይ እንደ ጅማት የወጣ የጭቃ መስመር ካየሽ ጉዳዩ ሌላ ነውና ከዚህ በታች የምጽፈው አይጠቅምሽም። አንቺ እንደገለጽሽው ከሆነ ግን የእኔ የድሮ ባላጋራዎች ናቸው።

የመጀመሪያው ክረምት ላይ ጠዋት 12 ሰዓት ሻይ ቤቱን ስከፍት የስኳር ዕቃው ክዳን ዙሪያውን በጥቁር ክር የተዘመዘመ ይመስል ነበር። እርጥብ ጨርቅ አንስቼ ጠራርጌ ገደልኳቸው። ሁለተኛው ዙር ሻይ ሳይቀዳ ተመልሰው መጡ። በሳምንቱ ፍሊት ገዛሁ። ማታ ነፍቼ ዘግቼ ሄድኩ፤ ጠዋት የሞቱትን በመጥረጊያ ሰብስቤ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን ግን ከመስኮቱ በተጨማሪ ከምድጃው ጀርባም ይወጡ ጀመር። አንድ የነበረው ሰልፍ ሁለት ሆነ።

ምክንያቱን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ውጭ የምናያቸው ምግብ ለማምጣት የወጡ ሠራተኞች ብቻ ናቸው። እንቁላል የምትጥለው ንግሥት ጎጆው ውስጥ ናት፤ ከዚያ አትወጣም፤ ፍሊቱም አይደርስባትም። አንዳንድ የቤት ጉንዳን ዝርያዎች ደግሞ ከአንድ በላይ ንግሥት ስላላቸው መርዝ ሲረጭባቸው ይከፋፈሉና በየፊናቸው አዲስ ጎጆ ይሠራሉ። የእኔዎቹ ከእነዚያ ይሁኑ አይሁኑ አላጣራሁም፤ የሆነው ግን ይኸው ነው።

ነገሩ የተገለጠልኝ አንድ ሐምሌ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ደንበኛ አስቀርቶብኝ እጄን አጣምሬ በተቀመጥኩበት ቀን ነው። ጠረጴዛው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ማር አንጠበጠብኩና ዝም ብዬ አየሁ። አንዲት ጉንዳን ወዲያ ወዲህ ስትል አገኘችው። አፏን ደቅና ጠጣች፤ ሆዷ ተነፍቶ ብርሃን የሚያስተላልፍ እስኪመስል ጠጣች። ከዚያ የሆዷን ጫፍ መሬት እያስነካች፣ እንደ መምጣቷ ሳትባክን ወደ ግድግዳው ስንጥቅ ሄደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አራት ሆነው መጡ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሰልፉ ተዘርግቷል። በሰልፉ መሀል ጠረጴዛውን በጣቴ አንድ ጊዜ አበስኩት። ጣቴ ያለፈበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ድልድይ እንደፈረሰበት መንገደኛ ከዚህም ከዚያም ተሰበሰቡ። አንዲቷ ደፍራ ስትሻገር ሌሎቹ ተከተሉ። ቀጥዬ አንድ ክንድ ያህሉን ላርጎ በነካ ጨርቅ አሸሁት። በዚህኛው ጊዜ መንገዱን መልሰው እስኪያገኙት አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀባቸው።

ጉንዳን የሚሄደው ሽታ እየተከተለ ነው። ምግብ ያገኘችው ወደ ጎጆዋ ስትመለስ በመንገዷ ላይ የሽታ ምልክት ትተዋለች፤ ተከታዮቹም ምልክቱን እያደሱ ያጠነክሩታል። በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ስትጠርጊ ጉንዳኑ ይነሳል፣ መንገዱ ግን ይቀራል። ሳሙና ወይም አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅለሽ ብታሺው መንገዱም አብሮ ይታጠባል። የአቼቶ ጥቅም ይኸው ነው። ሽታው ራሱ ያባርራቸዋል የሚባለው ግን እስኪደርቅ ድረስ ነው። እብነ በረድ ላይ ደግሞ አቼቶ አታፍስሺ፤ ድንጋዩን ይበላዋል።

መንገዱን ማጠብ ጊዜ ይገዛል እንጂ ጎጆውን አያጠፋም። ለእኔ ጎጆውን ያጠፋልኝ ቦሪክ አሲድ ነው። ነጭ ዱቄት ነው፤ እኔ ሦስት መድኃኒት ቤት ዞሬ ነው ያገኘሁት። አሠራሩ ቀላል ነው፦ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ሩብ ሊትር ያህል ለብ ያለ ውሃ፣ 8 የሻይ ማንኪያ ስኳር እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቦሪክ አሲድ። ዱቄቱ ሟሙቶ ውሃው እስኪጠራ ድረስ አማስዪው። ጥጥ ነክረሽ በፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ላይ አስቀምጪ።

ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልኩሽን አደራ። እኔ በመጀመሪያው ሙከራዬ «ቶሎ ይለቁ» ብዬ ሁለት ማንኪያ ሙሉ ጨመርኩበት። ጠጥተው እዚያው ክዳኑ ዳር ተዘርረው ቀሩ፤ ሰልፉ ሁለት ቀን ጠፍቶ በሦስተኛው እንደ አዲስ መጣ። የሚፈለገው ጠጥታ በሰላም ቤቷ እንድትገባ ነው። ጉንዳን ሆዷ ውስጥ ያጠራቀመችውን ለእኅቶቿ፣ ለእጮቹና ለንግሥቲቱ አፍ ለአፍ ታካፍላለች። መርዙ ደካማ ሲሆን ነው ሳይገድላት እስከ ጓዳው የሚደርሰው።

በሁለተኛው ሙከራ የሆነውን ልንገርሽ፤ አለበለዚያ መሀል ላይ ተስፋ ቆርጠሽ ትደፊዋለሽ። በመጀመሪያው ቀን ጥቂት መጡ። በማግሥቱ ክዳኑ አይታይም ነበር፤ ባለቤቴ አይቶ «ደግሞ ትቀልቢያቸው ጀመር?» አለኝ። እውነቱን ነበር። አንዳቸውንም አልነካሁም። በየሁለት ቀኑ ጥጡን ለወጥኩላቸው፤ ከደረቀ አይጠጡትምና። በአራተኛው ቀን ሰልፉ ሳሳ፤ በዘጠነኛው ቀን አንድም አልነበረም። ከዚያ በኋላ ያደረግኳቸው አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ሁለት ሳምንት ፈጅተውብኛል።

አሁን ወደ ልጅሽ። ቦሪክ አሲድ ከቤት ዕቃ ጋር ስለሚሠራ ብቻ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም፤ ሕፃን ቢውጠው ይመርዘዋል፤ ድመትና ውሻም እንደዚሁ። በስኳር መጣፈጡ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ክዳኑን ወለል ላይ አታስቀምጪው። ክዳን ያለው ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ውሰጂ፣ ጎኑን በጋለ መርፌ ብሺው፣ ጥጡን ውስጡ አድርገሽ ክዳኑን በፕላስተር አሽጊና ከመስኮቱ ውጭ፣ ጉንዳኑ በሚገባበት ደፍ ላይ አድርጊው። ውጭ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፤ ምግቡን ደጅ ካገኙት ወደ ኩሽናሽ የሚያስገባቸው ነገር ይቀንሳል። የተረፈውን ውሃ «መርዝ» ብለሽ ጽፈሽበት ከፍ ያለ ቦታ ቆልፊበት። በለስላሳ ጠርሙስ ግን በምንም ዓይነት አታስቀምጪው። የበጠበጥሽበትን ማንኪያም ወደ ወጥ ቤት አትመልሺው።

ወጥመዱ እየሠራ ሳለ ቤት ውስጥ ያለውን መንገድ ሁሉ በሳሙና እጠቢ፤ ወደ ወጥመዱ የሚወስደውን ግን ተዪው። በዙሪያው አቼቶም፣ ፍሊትም፣ ምንም አታድርጊ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ እጁ ይጋብዛል፣ በሌላው ያባርራል።

ስኳሩን ቀርበው ካለፉት ደግሞ ጊዜው ቅባት የሚሹበት ሊሆን ይችላል። ትንሽ የለውዝ ቅቤ ላይ በጣም ጥቂት ቦሪክ አሲድ ለውሰሽ ሞክሪ። ሻይ ቤት ሳለሁ ማሩን ትተው የሳምቡሳ ዘይት የሚያሳድዱባቸው ሳምንታት ነበሩ።

የሌሎቹን መድኃኒቶች ነገር በአጭሩ። ጨው ለእኔ ምንም አልሠራም። የቡና አተላ ላይ በእግራቸው ተሻግረዋል፤ ደርቆ ሲሻግት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ቀረፋና ቅርንፉድ ሽታቸው እስኪደክም ድረስ ሁለት ሦስት ቀን ያርቃሉ፤ ለመሳቢያ ይሆናሉ። ቤኪንግ ሶዳ በስኳር ለውሼ ሰጥቻቸው ስኳሩን ለቅመው ሶዳውን ትተውልኛል። የስንዴ ቅንጬ ሲበሉ ሆዳቸው ውስጥ አብጦ ይፈነዳሉ የሚባለውን አትመኚ፤ የደረሰ ጉንዳን የሚጠጣው ፈሳሽ ነው፤ ጠጣር ምግብ የሚፈጩት እጮቹ ናቸው።

አመድ ግን አይናቅም። እናቴ የእህል ጎተራው ሥር የምትነሰንሰው የምድጃ አመድ ነበር፤ ደረቅ ሆኖ እስካለ ድረስ ጉንዳን አይሻገረውም ነበር። ችግሩ ክረምት ላይ ነው፤ እርጥበት ሲነካው ጭቃ ሆኖ ራሱ መንገድ ይሆናል። የአዲስ አበባን ሐምሌ ታውቂዋለሽ።

ለማርና ለስኳር ሁላችንም የምናውቀው ዘዴ ውሃ በያዘ ሳህን መሀል ማስቀመጥ ነው። አንድ ነገር ጨምሪበት፦ አንድ ጠብታ ላርጎ። ንጹሕ ውሃ ላይ ጉንዳን ስለሚቀል ይንሳፈፋል፤ አቧራም ካረፈበት እንደ ድልድይ ይራመድበታል። የሳሙና ጠብታ ያለበት ውሃ ግን አይሸከመውም፤ ይሰምጣል። ለሕፃኑ አልጋ ውሃ አያስፈልግሽም። አልጋውን ከግድግዳ አንድ ስንዝር አርቂ፣ አንሶላውና አጎበሩ ወለል እንዳይነኩ አጥፊ፣ በአራቱም እግሮች ታችኛው ክፍል ላይ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቫዝሊን ዙሪያውን ቀቢ። በየሦስት ቀኑ አቧራ ሲይዝ ጠርገሽ አድሺው። ልጁ በአልጋው እግር እንዳይጫወት ግን ዓይንሽ አይራቅ። ማታ ወተት የፈሰሰበት ጨርቅ አልጋው ላይ አይደር፤ ወደ ልጁ የሚያመጣቸው እርሱ ነው።

ጉንዳን የገባበትን ስኳር ትሪ ላይ ዘርግተሽ ፀሐይ ብታወጪው ጥለውት ይሄዳሉ፤ እኔም አላስጣልሁም፤ ለዘመናት ሻይ የጠጣነው እንደዚያ ነው። የሕፃን የዱቄት ወተት ግን ነፍተሽ አትመልሺው። ዋጋው እንደሚያንገበግብ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ይጣል። አዲሱን ቆርቆሮ ከነክዳኑ ጎማ ማሸጊያ ባለው ትልቅ ዕቃ ውስጥ ክተቺው፤ የቆርቆሮው ክዳን ጥብቅ ቢመስልም ለእነርሱ በር ነው።

ሦስት ነገሮችን ቤትሽ እንዳታስገቢ። በመንገድ ላይ የሚሸጠው የነፍሳት መግደያ ጠመኔ፤ ልጅ ጠመኔ ሲያይ የሚያደርገውን ታውቂያለሽ። በሰው ሰው የሚመጣ፣ ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ ማላታየን፤ እርሱ የእርሻ መድኃኒት ነው፣ የሚድህ ልጅ ወለሉን በእጁ አብሶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። ሦስተኛው ነጭ ጋዝ፤ ጎረቤቴ የብፌ እግር በነጭ ጋዝ ታብስ ነበር፤ ከምድጃ ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ እንዴት ይሆናል?

ሰልፉ ከጠፋ በኋላ ስንጥቁን ድፈኚ። ከዚያ በፊት አይሆንም፤ በሩን ዘግተሽ ወጥመዱን ማን ይወስድልሻል? ለመስኮቱ ጠርዝ ሲሊኮን፣ ለግድግዳው ጥቂት ስሚንቶ ይበቃል። ለጊዜው ከሆነ የልብስ ሳሙና በስንጥቁ ላይ አጥብቀሽ ብታሺው ሳምንት ያህል ይቆይልሻል። ደጅሽ ላይ ጽጌረዳ ወይም ሎሚ ካለ ደግሞ ቅጠሉን ገልብጠሽ እዪ። ክሽክሽ የሚባለው ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ ካለበት ጉንዳኑ ከእርሱ ጣፋጭ ፈሳሽ እየለቀመ ነው፤ እንዲያውም እንደ ከብት ይጠብቀዋል። ሳሙና በተበጠበጠበት ውሃ ቅጠሉን ካላጠብሽ የኩሽናሽ እንግዳ አይቋረጥም።

ጎጆው ከደረጃው ሥር ወይም ከጎረቤት በረንዳ ሊሆንም ይችላል፤ ምድር ቤት ስለሆንሽ ዝናቡ ያፈናቀለው ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው አንቺን ነው። ጎጆውን ደጅ አፈር ላይ ካገኘሽው የፈላ ውሃ ማፍሰስ ይቻላል፤ ሥሩ ጥልቅ ከሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል፣ አጠገቡ ያለውን ተክልም ያቃጥላል። ልጁን አዝለሽ ግን እንዳትሞክሪው።

ነገ ጠዋት ምንም ከመግዛትሽ በፊት የምስር ፍሬ የምታህል ማር መስኮቱ አጠገብ አስቀምጪና ሰልፉ ከየት እንደሚነሳ አይተሽ እዚሁ ጻፊልኝ። ከመስኮቱ ጠርዝ ከሆነ ከላይ እንዳልኩሽ አድርጊ፤ ከእቃ ማጠቢያው ቧንቧ ሥር የሚወጣ ከሆነ ግን ወጥመዱን የምናስቀምጥበት ቦታ ይለያል።