አጣጥ መድኃኒት ለመሆን ምን ጎደለው?

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ኬሚስትሪና ፋርማሲ ለምትማሩ ነው። ከማነባቸው የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙዎቹ «የዚህ ተክል ጭማቂ የካንሰር ሴል ገደለ» ብለው ያልቃሉ። ጅምሩ ጥሩ ነው። ግን ላብራቶሪ ሳህን ላይ ያለን ሴል በረኪናም ይገድለዋል። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው።

የአጣጥን ነገር ላጫውታችሁ። አጥር ዳር የምታውቁትን ማለቴ ነው። ከእሱ ወገን የሆነ፣ ከኢትዮጵያ የተሰበሰበ ቁጥቋጦ አሜሪካ ተወስዶ ተመረመረ። እ.ኤ.አ. በ1972 የኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻን ቡድን ሜይታንሲን የተባለ ሞለኪውል ነጥሎ አወጣበት። ሴል ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን የሚጎትቱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት። የሚገጣጠሙት ቱቡሊን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ሜይታንሲን ቱቡሊንን ይዞ ቱቦዎቹ እንዳይገጣጠሙ ያደርጋል። ሴሉም መከፈል አቅቶት ይሞታል። ጉልበቱ ያስደነግጣል፤ በላብራቶሪ ሲለካ ቪንክሪስቲን ከተባለው የካንሰር መድኃኒት በመቶ እጥፍና ከዚያም በላይ ይበረታል።

በሰው ሲሞከር ግን አልሆነም። ታማሚዎቹን አስመለሳቸው፣ አስቀመጣቸው፣ ነርቫቸውን ጎዳ። ዕጢው ደግሞ እምብዛም አልቀነሰ። (አክስታችሁ ደውላ «አጣጥ ቀቅዬ ልጠጣ?» ካለቻችሁ «ኧረ ተይ!» በሏት። ሐኪም ጋም ውሰዷት።) ምርቱም ቢሆን ከአንድ ኪሎ ደረቅ ተክል አንድ ሚሊግራም አይሞላም።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ፋይሉን ዘግቶ ይሄዳል። እኔ ግን ታሪኩ የሚጥመኝ ከዚህ ወዲያ ነው።

በ1977 የጃፓኑ ታኬዳ ኩባንያ ተመራማሪዎች የሜይታንሲንን የቅርብ ዘመድ፣ አንሳሚቶሲንን፣ ከባክቴሪያ አገኙ። ባክቴሪያ በጋን ይራባል፤ ጫካ መጨፍጨፍ ቀረ። ከዚያ ኢሙኖጀን የተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ኬሚስቶች ሞለኪውሉን ነካኩት። በጎኑ ያለውን የኤስተር ሰንሰለት ቆርጠው፣ በቦታው ጫፉ ላይ ድኝ ያለበት ሌላ ሰንሰለት ተከሉ። ቱቡሊን የሚይዘው ትልቁ ቀለበት እንዳለ ቀረ። አዲሱን ሞለኪውል ዲኤም1 አሉት። በድኟ በኩልም ትራስቱዙማብ ከሚባል አንቲቦዲ ጋር ታሰረ። አንቲቦዲው ኸር2 የተባለ ፕሮቲን የበዛባቸውን የጡት ካንሰር ሴሎች እየፈለገ ይጣበቅባቸዋል። ሴሉ ይውጠዋል፤ ውስጥ ገብቶ ሲፈጭ መርዙ ይለቀቃል።

በ2012 ውጤቱ በታተመው ትልቅ ሙከራ፣ ካንሰሩ የተሰራጨባቸውና ቀድሞ ሌላ ሕክምና የወሰዱ ታማሚዎች ይህን መድኃኒት ሲያገኙ በሕይወት የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 30.9 ወር ሆነ። ለማነጻጸሪያ በጊዜው የተለመደውን ሕክምና በወሰዱት 25.1 ወር ነበር። በ2013 አሜሪካ ፈቀደችው። ጉበት የመጉዳትና ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌት የመቀነስ ጣጣ አሁንም አለበት። ተአምር አይደለም፤ ግን መድኃኒት ነው።

እንግዲህ አንድ ሞለኪውል እጃችሁ ሲገባ «ይገድላል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። የቱ ጎኑ ነው የሚሠራው? የቱን ብነካው አይከፋም? ጤነኛውን ሴል ምን ያተርፈዋል? ከየትስ በበቂ መጠን ይገኛል? ይህን ለመመለስ ኦርጋኒክ ሲንተሲስ ማወቅ የግድ ነው። ከባድ ነው ብላችሁ የምትሸሹት ኮርስ መሆኑን አውቃለሁ። አትሽሹት። ፋርማኮሎጂ የሚያውቅ ጓደኛም ያዙ፤ ብቻችሁን አትዘልቁትም።

ሌላው የናሙና ነገር ነው። ኩፕቻን «ሜይቴነስ ኦቫተስ» ብሎ የጻፈው ተክል በኋላ «ሜይቴነስ ሴራታ» ተብሏል። የተክል ስም ይቀየራል፤ በአግባቡ ተጭኖ የደረቀ ቅርንጫፍ ግን ምንጊዜም ተመልሶ ይታያል። ስለዚህ ቅጠል ስትቆርጡ ቦታውንና ቀኑን ጻፉ፣ ናሙናውን አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) ስጡ። ተክሉን ያሳዩአችሁን አዛውንት ስም በማስታወሻችሁ አስፍሩ። ናሙና ወደ ውጭ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 482/1998ን አንብቡ። የጄኔቲክ ሀብትንና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከት ነው፤ ፈቃድ ይጠይቃል።