ሞናኮ ወደብ ላይ ከቤተሰብ ጋር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

የሜዲትራኒያን የክሩዝ ወቅት ሲቃረብ ጥያቄያችሁ ይበዛል። ዘንድሮ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁት ስለ ሞናኮ ነው። መርከቡ ጠዋት ያደርሳችኋል፣ ወደ ማታ ይዟችሁ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ያሉትን ሰዓታት የመርከቡን ጉብኝት ሳትገዙ እንዴት ታሳልፏቸው? እነሆ።

«እኔና ባለቤቴ ሦስት ልጆችና እናቴን ይዘን ነው የምንሄደው። መርከቡ ያዘጋጀው ጉብኝት ለስድስት ሰው ሲባዛ አይቀመስም። በራሳችን ብንወጣ እንጠፋ ይሆን?» ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

አትጠፉም። አገሩ በሙሉ 2 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከቫቲካን ቀጥሎ በዓለም ትንሹ አገር። መርከቡ ፖርት ኤርኩል ላይ ከተጠጋ ወርዳችሁ በእግር መሃል ከተማ ትገባላችሁ። መርከቡ ትልቅ ከሆነ ወይም ቦታው በሌላ ከተያዘ ግን ባሕሩ ላይ ይቆምና በትንንሽ ጀልባዎች ያወጧችኋል። ያኔ ወረፋ ስላለ በጠዋት ተነሱ።

ፊታችሁን ወደ ከተማው ስታዞሩ በግራ ያለው ትልቅ ዓለት አሮጌው ከተማ ነው፣ ሞናኮ ቪል ይባላል። በቀኝ ያለው ታዋቂው ካዚኖ ያለበት ሰፈር፣ ሞንቴ ካርሎ ነው። የኔ ምክር አጭር ነው፤ ጠዋት ዓለቱ ላይ ውሉ፣ ከሰዓት አንድ ሌላ ነገር ብቻ ጨምሩ። ከዚያ በላይ ካላችሁ ልጆቹም እናትዎም ይደክማሉ፣ እርስዎም ሰዓት ስታዩ ትውላላችሁ።

ወደ ዓለቱ 1 ወይም 2 ቁጥር አውቶቡስ ይወስዳችኋል። በልዑሉ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት የዘብ ቅያሬው ልክ 11፡55 ላይ ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ከስድስት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲጎድል ማለት ነው። አደባባዩ በሰው ስለሚሞላ ቀደም ብላችሁ ካልደረሳችሁ ልጆቹ የሰው ጀርባ ብቻ ነው የሚያዩት። እስከዚያው አደባባዩ ላይ የቆመውን የመነኩሴ ሐውልት አሳዩዋቸውና ታሪኩን ንገሯቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1297 ፍራንሷ ግሪማልዲ የሚባል ሰው መነኩሴ መስሎ፣ ከቀሚሱ ሥር ሰይፍ ደብቆ ምሽጉን ያዘ ይባላል። ዛሬም የሚገዛው የግሪማልዲ ቤተሰብ ነው፣ የአገሩ ዓርማ ላይም ሰይፍ የመዘዙ ሁለት መነኮሳት አሉ። ልጆች ይህን አይረሱም።

ከዚያ ወደ ካቴድራሉ ጎራ በሉ። የሆሊዉድ ተዋናይት የነበረችው፣ በ1956 ልዑል ሬኒዬን ያገባችው ግሬስ ኬሊ የተቀበረችው እዚያ ነው፤ ልዑሉም አጠገቧ ነው። እናትዎ ስሟን ሰምተው ሊሆን ይችላል። ካቴድራሉ ቤተ ክርስቲያን ነውና ትከሻ የሚሸፍን ልብስ ይዘው ይውጡ።

ገንዘብ የምታወጡ ከሆነ የውቅያኖስ ሙዚየሙ ላይ አውጡ። ቀዳማዊ ልዑል አልበርት ያሠራው፣ በ1910 የተከፈተ፣ ከባሕሩ ገደል አፋፍ ላይ የበቀለ የሚመስል ሕንጻ ነው። ታዋቂው የባሕር ተመራማሪ ዣክ ኩስቶ ለ30 ዓመት ገደማ የመራውም እሱን ነው። ታች ዓሣዎቹና ሻርኮቹ አሉ፣ ላይ ሰገነቱ ባሕሩን በሙሉ ያሳያል። የቤተ መንግሥቱን ውስጥ ከልጆች ጋር ብትዘሉት አይቆጭም፤ ሙዚየሙን ግን አትዝለሉት።

«የእናቴ ጉልበት ደረጃ አይችልም፣ ትንሹ ልጅ ደግሞ ገና በጋሪ ነው። ከተማው ዳገት ነው ሲሉ ሰማሁ።» ከዚሁ ቤተሰብ

እውነት ነው፣ ዳገት ነው። ግን ከተማው በየቦታው ለሁሉም ሰው ክፍት የሆኑ ሊፍቶችና ተንቀሳቃሽ ደረጃዎች አሉት፣ አይከፈልባቸውም። ግድግዳ ውስጥ ስለተቀበሩ ብዙ ቱሪስት ሳያያቸው ያልፋል። ምልክቱን እየተከተላችሁ ሂዱ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ «ደረጃ ውጡ» ሲላችሁ ቶሎ አትመኑት። ወደቡን ከዳር እስከ ዳር ለመሻገር ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ትንሽ ጀልባ አለ። ዋጋው የአውቶቡስ ያህል ነው፣ ልጆቹም ይወዱታል።

«ዱባይ ነው የምሠራው፣ ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። የኤምሬትስ መኖሪያ ፈቃድ አለኝ። ሞናኮ ላይ ለመውረድ ቪዛ ያስፈልገኛል?»

አዎ። የመኖሪያ ፈቃዱ አያስገባህም፤ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ያላችሁም እንደዚሁ ናችሁ። ሞናኮ የራሷ ቪዛ የላትም፣ የሸንገን ቪዛ ነው የሚሠራው። የምታመለክተው ጉዞህ ብዙ ቀን የሚቆይበት አገር ጋ ነው። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፤ መርከቡ መሃል ላይ ቱኒዚያ ወይም ቱርክ የሚደርስ ከሆነ ከሸንገን ወጥተህ ተመልሰህ ስለምትገባ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ጠይቅ። የአንድ ጊዜ ቪዛ ይዞ መሃል መንገድ ላይ መቅረት ያሳዝናል፣ ገንዘቡም አይመለስም። እስራኤል ያላችሁ፣ የእስራኤል ፓስፖርት የያዛችሁ፣ ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልጋችሁም።

«ካዚኖውን ማየት እፈልጋለሁ፣ ቁማር ግን አልጫወትም። ልጆች ይገባሉ?» ከነታንያ፣ እስራኤል

ከሰዓት በኋላ ጨዋታ ሲጀመር ከ18 ዓመት በታች አይገባም። ጠዋት ግን ለጉብኝት ክፍት ነው፣ ልጆችም ከወላጅ ጋር ይገባሉ። ጣሪያውን እዩት። የፓሪሱን ኦፔራ የሠራው ሻርል ጋርኒዬ እጁ አለበት፤ ከካዚኖው ጋር የተያያዘውን የኦፔራ አዳራሽ በ1879 ጨርሶታል። የሞናኮ ዜጎች ራሳቸው እዚያ መቆመር በሕግ ተከልክለዋል፣ ይህንንም ለልጆቹ ንገሯቸው። ከባሕር ዳር በዋና ልብስ ወይም ባዶ እግራችሁን ከተማ ውስጥ እንዳትገቡ፣ እሱም ክልክል ነው።

«የ14 ዓመት ልጄ ፎርሙላ ዋን እንጂ ሌላ ወሬ የለውም። ውድድር ባይኖርም የሚያየው ነገር አለ?» ከሲያትል

አለ እንጂ! መንገዱ እኮ የከተማው መንገድ ነው፣ በእግሩ ሊዞረው ይችላል። አንዱ ዙር 3.337 ኪሎ ሜትር ነው፣ በውድድር ቀን 78 ጊዜ ይዞሩታል። ከወደቡ አጠገብ ካለው መነሻ ተነሱ፣ በሳንት ዴቮት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ወደ ካዚኖው ዳገቱን ውጡ፣ ከዚያ በፌርሞንት ሆቴል ፊት ወዳለው ጠባብ መታጠፊያ ውረዱ። በፎርሙላ ዋን ውስጥ ከዚያ ቀስ ተብሎ የሚታለፍ መታጠፊያ የለም። ከዚያ ዋሻው ውስጥ በእግረኛ መንገዱ አልፋችሁ ጀልባዎቹ ዘንድ ትመለሳላችሁ። ልጁ ቴሌቪዥን ላይ ያየው መንገድ ምን ያህል ጠባብና ዳገታማ እንደሆነ በእግሩ ሲያውቀው ፊቱን አይተህ ትረካለህ። ውድድሩ ሊደርስ ሲል ግን ከተማው በአጥርና በመቀመጫ ይሞላል፣ እግረኛም ይቸገራል።

«የምንሄደው በፍልሰታ ነው። የጾም ምግብ እናገኛለን? ዋጋውስ?» ከፍራንክፈርት

ካዚኖው አካባቢ ለመቀመጥ ብቻ ብዙ ትከፍላላችሁ፣ እዚያ አትብሉ። ላ ኮንዳሚን የሚባለው የድሮ ገበያ ከወደቡ በስተጀርባ ነው፣ ከ1880 ጀምሮ አለ። እዚያ ሶካ ጠይቁ። የሽምብራ ዱቄት፣ ውሃና የወይራ ዘይት ተበጥብጦ በትልቅ ምጣድ ምድጃ ውስጥ የሚጋገር ቂጣ ነው። ትኩስ ሲሆን በቁንዶ በርበሬ ግሩም ነው፣ ለጾመኛም ይሆናል። ባርባጁዋን የሚሉት ጥብስ ሳምቡሳ ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ከአረንጓዴው ቅጠል ጋር አይብ ስለሚገባበት ለፍልሰታ ተዉት። ፍራፍሬም ከገበያው ግዙ። ገበያው ጠዋት ነው የሚደምቀው።

ከጀርመን ስለሆናችሁ አንድ ነገር ልጨምር። ሞናኮ በዩሮ ትገበያይ እንጂ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችም። ስልካችሁ ጀርመን እንዳላችሁ የሚሠራ መስሏችሁ ሮሚንግ ከፍታችሁ እንዳትዘዋወሩ፣ ኩባንያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። መርከቡ ላይ ደግሞ ኤርፕሌን ሞድ አድርጉት፣ የባሕር ላይ ኔትወርክ ሒሳብ ያስደነግጣል።

«ገንዘቤ ሪከርድ የሰበረችበት ስታዲየም ሩቅ ነው?» ከአዲስ አበባ

አይደለም። ስታድ ሉዊ ዱ ፎንቪዬ ሰፈር ነው፣ ከዓለቱ ማዶ፣ ባሕር ተሞልቶ በተሠራ መሬት ላይ። ገንዘቤ ዲባባ ሐምሌ 17 ቀን 2015 እ.ኤ.አ. 1500 ሜትሩን በ3፡50.07 ሮጣ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን ሪከርድ የሰበረችው እዚያ ነው። የቀነኒሳ በቀለ የ5000 ሜትር ሪከርድ በ2020 የተሰበረውም በዚሁ ትራክ ነው። ደስታውም ቁጭቱም እዚያው ነው። ከውጭም ቢሆን እዩት፣ ልጆቻችሁን አጥሩ ሥር አቁማችሁ ፎቶ አንሷቸው።

«መርከቡ ጥሎን ቢሄድስ?» ከብዙዎቻችሁ

በመርከቡ ጉብኝት የወጡትን ይጠብቃል፣ በራሳችሁ የወጣችሁትን ግን ላይጠብቅ ይችላል። ስለዚህ መመለሻ ሰዓቱን ከመውረዳችሁ በፊት ጻፉት፣ የመርከቡ ሰዓት ከከተማው ሰዓት ጋር አንድ መሆኑንም አረጋግጡ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ወደቡ ላይ ሁኑ፤ በጀልባ የምትመለሱ ከሆነ ከዚያም ቀድማችሁ። ፓስፖርታችሁን መርከቡ ካልያዘው ይዛችሁ ውጡ፣ ከያዘው የፓስፖርቱና የቪዛው ፎቶ ስልካችሁ ላይ ይኑር። በየቀኑ ክፍላችሁ የሚደርሰው ፕሮግራም ላይ የወደቡ ወኪል ስልክ አለ፣ እሱንም ፎቶ አንሱት። ካመለጣችሁ መጀመሪያ የምትደውሉት ለሱ ነው። ቀጣዩ ወደብ ጣሊያን ከሆነ ከሞናኮ ባቡር ጣቢያ ተነስታችሁ ቬንቲሚሊያ ላይ ባቡር ቀይራችሁ ልትደርሱበት ትችላላችሁ፤ ወጪው ግን ከኪሳችሁ ነው።