ያገለገለ የጨለማ ክፍል ዕቃና የፊልም ስካነር፦ ጥያቄና መልስ

ዛሬ ፊልም የሚታጠብበትንና ፎቶ የሚታተምበትን የጨለማ ክፍል ዕቃ የሚሸምት ሰው የሚያገኘው በአብዛኛው ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ነው። ስለዚህ በየጥያቄው ላይ አንድ መመዘኛ እጠቀማለሁ፤ ይኸውም ዕቃው ቢበላሽ ወይም አንድ ክፍሉ ቢጎድል ምትኩ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጥያቄ፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ማጉያ (የኔጌቲቩን ምስል አጉልቶ ኅትመት ወረቀት ላይ የሚጥል መሣሪያ) ልገዛ ነው። የትኛውን ስም ልምረጥ? በአካል ሳየውስ ምን ልመርምር?

መልስ፦ ስለ ስሙ ብዙ አይጨነቁ። የጣሊያኑ ዱርስት፣ የቼኮስሎቫኪያው ሜኦፕታ፣ የአሜሪካዎቹ ቤስለርና ኦሜጋ በአብዛኛው ከብረት የተሠሩና ኤሌክትሮኒክስ የማይበዛባቸው በመሆናቸው፣ ዓምዳቸው እስካልተጣመመ ድረስ ለአሥርተ ዓመታት ያገለግላሉ። አምፖሉንና ሌንሱን የያዘውን ጭንቅላት ወደ ላይ ከፍ አድርገው ያጥብቁትና ጥቂት ይጠብቁ፤ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ የተስተካከለውን ጥራት ያበላሽብዎታል። ከዚያም ክፍሉን አጨልመው አምፖሉን ያብሩና እንደ አኮርዲዮን በሚተጣጠፈው ሽፋን ላይ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ እንዳለ ይመልከቱ።

ከሁሉም በላይ ግን ትንንሾቹን ነገሮች ይቁጠሩ፦ የኔጌቲቭ መያዣው፣ የሌንስ ሰሌዳው፣ ብርሃን ሰብሳቢዎቹ መስታወቶች። እነዚህ ለየሞዴሉ ተለይተው የተሠሩ ስለሆኑ አንዱ ቢጎድል ማጉያው ከነግርማው ቆሞ ይቀራል። «መያዣው ጠፍቷል፣ ግን በቀላሉ ይገኛል» ለሚል ሻጭ መልሴ ሁልጊዜ «እንግዲያው አግኝተው ይጨምሩበትና ሙሉውን ልክፈልዎት» የሚል ነው።

ሌንሱን በእጅ ባትሪ ብርሃን በግራና በቀኝ አዘንብለው ይመርምሩ፤ እንደ ድር የተዘረጋ ሻጋታ ወይም ጭጋግ የመሰለ ነገር ካዩ ይተዉት። ጥቂት አቧራ ግን ጉዳት የለውም። ኤል ኒኮር፣ ሮዳጎን ወይም ኮምፖኖን-ኤስ ካገኙ ደኅና ሌንስ አግኝተዋል። ለ35 ሚሊ ሜትር ፊልም 50 ሚሊ ሜትር፣ 6 በ6 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ፊልም ደግሞ 75 ወይም 80 ሚሊ ሜትር ሌንስ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ በርካሽ ያገኘሁትን ማጉያና የጊዜ መቁጠሪያ ይዤ ወደ አዲስ አበባ ልመለስ አስባለሁ። ይሠራሉ?

መልስ፦ ማጉያው ይሠራል፤ መቁጠሪያውን ግን እዚያው ይሽጡት። የአሜሪካ ኤሌክትሪክ 120 ቮልትና 60 ኸርትዝ ሲሆን የኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ኸርትዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይለውጣል እንጂ ኸርትዙን አይለውጥም። እንደ ግራላብ 300 ያሉት በሞተር የሚዞሩ መቁጠሪያዎች ፍጥነታቸውን የሚያገኙት ከኸርትዙ በመሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ 60 ሰከንድ ያሉት ጊዜ በእርግጥ 72 ሰከንድ ይሆናል። በኅትመት ሥራ ይህ ብዙም አይጎዳም፤ የሙከራ ቁራጩንም ዋናውንም በዚያው መቁጠሪያ ስለሚለኩ ስሕተቱ ውጤቱ ላይ አይታይም። ፊልም በሚያጥቡበት ጊዜ ግን 7 ደቂቃው 8 ደቂቃ ከ24 ሰከንድ ይሆንና ኔጌቲቩ ከሚገባው በላይ ይጠቁራል።

ተራ አምፖል ለሚጠቀም ማጉያ 220 ቮልት የሆነ ወተት መልክ አምፖል ይፈልጉለት፤ ፊቱ ላይ ጽሑፍ የታተመበት እንዳይሆን ይጠንቀቁ፣ ጥላው ወረቀቱ ላይ ሊወርድ ይችላልና። የቀለም ጭንቅላት (ለቀለም ኅትመት የሚሆኑ ማጣሪያዎች የተገጠሙበት) ያለው ከሆነ የኃይል ሳጥኑ ምን ያህል ቮልት እንደሚቀበል ከጀርባው ያንብቡ። ኃይል ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ማረጋጊያ መግዛትም አይቀርም፤ የአምፖሉ ድምቀት በተለዋወጠ ቁጥር የኅትመቱ ጥቁረት አብሮ ይለዋወጣል።

ጥያቄ፦ አሮጌ የጨለማ ክፍል ቀይ መብራት እምነት ይጣልበታል?

መልስ፦ ሳይፈትኑ አይመኑት። የኅትመት ወረቀት ላይ ሳንቲም አስቀምጠው በመብራቱ ሥር 5 ደቂቃ ያቆዩትና ያጥቡት፤ የሳንቲሙ ክብ ከታየ ማጣሪያው አርጅቷል።

ጥያቄ፦ ኒኮን ኩልስካን 9000 የተባለ የፊልም ስካነር በውድ ዋጋ ቀርቦልኛል። ልግዛው?

መልስ፦ የምስሉ ጥራት አያከራክርም፤ የሚያከራክረው ዕድሜው ነው። ኒኮን እነዚህን ስካነሮች ማምረት ካቆመ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፣ የራሱ የኒኮን ስካን ሶፍትዌርም በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ ስለማይሠራ ቪውስካን ወይም ሲልቨርፋስት የተባለውን የሌላ ድርጅት ሶፍትዌር መግዛት ይኖርብዎታል። 9000 ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኘው ፋየርዋየር በተባለ የቆየ ገመድ ሲሆን አፕል በ2025 ለኮምፒውተሮቹ ባወጣው ማክኦኤስ ታሆ በተባለው ሥርዓት ለዚህ ገመድ የሚሰጠውን ድጋፍ አቋርጧል። ስለዚህ ከስካነሩ ጋር የቆየ ኮምፒውተርም አብሮ እንደሚገዙ ቆጥረው ዋጋውን ይመዝኑ። 35 ሚሊ ሜትር ብቻ ከሆነ የሚጠቀሙት፣ በዩኤስቢ የሚገናኙት ኩልስካን 5 እና 5000 ይሻሉዎታል።

ከመክፈልዎ በፊት ጥቁር ጥላና ደማቅ ብርሃን ጎን ለጎን ያሉበት ምስል ስካን ተደርጎ እንዲላክልዎ ይጠይቁ። ብርሃኑ ወደ ጥቁሩ እየፈሰሰ ከታየ የውስጥ መስታወቱ አቧራ ለብሷል፤ ማጽዳቱ ደግሞ ለባለሙያ የሚሰጥ ሥራ ነው። በኢንፍራሬድ የሚሠራው አቧራ ማጥፊያም በተለመደው ጥቁርና ነጭ የብር ፊልም ላይ እንደማይሠራ ይወቁ።

ጥያቄ፦ ከኤፕሰን ስካነሮች ቪ700 ወይስ ቪ850?

መልስ፦ የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ቪ850፤ መብራቱ ኤልኢዲ ስለሆነ እንደ ቪ700 የሚደክም ቱቦ የለውም። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው በኢንች 6400 ነጥብ ግን አያታልልዎት፤ በተግባር የሚገኘው ዝርዝር በኢንች ከ2300 ነጥብ ብዙም አይርቅም። ሰፋ ላለው 120 ፊልም ይበቃል፣ ለ35 ሚሊ ሜትር ግን ያንሳል።

ጥያቄ፦ ሟች አባታችን ፎቶ ቤት ነበራቸው። የቀሩትን ዕቃዎች ለመሸጥ ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ኔጌቲቮቹን ከሚሸጠው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ የደንበኞች መልክ ያለባቸው የቤተሰብና የከተማ ታሪክ ስለሆኑ ከመደርደሪያው ጋር አብረው መሸጥ የለባቸውም። የወረቀት ሳጥን አትክፈቱ፤ ብርሃን ያየ ወረቀት ዋጋ የለውም፤ ገዥውም «እስቲ ልየው» ቢል አትፍቀዱለት። የተከፈቱ ኬሚካሎችን አትሽጡ፤ ምን እንደሆኑ ካልታወቀም እርስ በርስ አትቀላቅሏቸው።

ፍርስራሽ የሚመስሉ ብረቶችና ቀለበቶች የሞሉበት ሳጥን ካለ እንዳይጣል፤ የማጉያው መያዣዎች ያሉት እዚያ ውስጥ ሳይሆን አይቀርም። ማጉያውን ከነመያዣዎቹ በአንድ ላይ፣ ሌንሶቹን ደግሞ ለየብቻ ብትሸጡ የተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ። አምፖሉ ሲበራ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ከረጅም መግለጫ ይልቅ ገዥን ያሳምናል።

ጥያቄ፦ የሸጥኩትን ማጉያና ስካነር እንዴት አሽጌ ልላክ?

መልስ፦ ከማጉያው ላይ ሌንሱን፣ አምፖሉንና የብርሃን ሰብሳቢውን መስታወቶች አውጥተው ለየብቻ ይጠቅልሉ፤ ጭንቅላቱ ከዓምዱ ከተነጠለ በሌላ ሳጥን ይሂድ። የኤፕሰኑ ስካነር የመጓጓዣ መቆለፊያ አለው፤ እሱን ይቆልፉና መከፈት እንዳለበት በክዳኑ ላይ ወረቀት ይለጥፉ፤ አለበለዚያ ገዥው ሳይከፍት ያበራውና ተበላሽቶ ደረሰኝ ይላል።