ስለ ሕግ ትምህርት ዕውቅናና ጥራት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ልጄ በግል ኮሌጅ ሕግ ልትማር ነው። ዕውቅና አለን ይላሉ፤ በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ዕውቅና የሚሰጠው ለተቋሙ ስም ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። በአካውንቲንግ ዕውቅና ያለው ኮሌጅ በሕግ ላይኖረው ይችላል፤ አዲስ አበባ ላይ ያገኘውም ለአዳማ ቅርንጫፉ አይሠራም። የፈቃዱን ቅጂ ይጠይቁ፤ ፕሮግራሙን፣ ካምፓሱንና የሚያበቃበትን ቀን ካዩ በኋላ ክፍያ ሳይፈጽሙ ዕውቅናውን ከሚሰጠው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ጋር ያመሳክሩ።

ጥያቄ፦ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችስ?

መልስ፦ ለረጅም ጊዜ እንደ ግል ተቋማት ቅድመ ዕውቅና አይጠየቁም ነበር፤ የሚደረግባቸው የጥራት ኦዲት ብቻ ነበር። ተማሪው በሁለቱም ዘንድ ያው ተማሪ ስለሆነ ይህ ልዩነት ትክክል ነበር ብዬ አላምንም።

ጥያቄ፦ የመውጫ ፈተና ካለ ዕውቅና ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ ፈተናው በሕግ ትምህርት የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ሲሆን፣ በ2015 ዓ.ም. በሌሎችም የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሞች ተግባራዊ ሆኗል፤ ማለፊያውም 50 በመቶ ነው። ጥቅሙን አልክድም። ነገር ግን ጉድለቱን የሚነግረን በመጨረሻ ነው፤ የተማሪው አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ። ከዚህም በላይ የምርጫ ጥያቄ የክስ አቤቱታ ማርቀቅንና ምስክር መጠየቅን አይለካም።

ጥያቄ፦ ገምጋሚዎች ወደ ሕግ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ምን ቢያዩ ይሻላል?

መልስ፦ የመምህራን ብዛትና የማስረጃቸው ደረጃ በወረቀት ይታያል፤ እኔ ግን በኮርስ ዝርዝሩ እጀምር ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ስለ ነጋዴዎች፣ ስለ ንግድ ማኅበራትና ስለ ኪሳራ የያዛቸው ክፍሎች በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 ተተክተዋል። የአክሲዮን ማኅበር ትምህርት ዛሬም የቀድሞዎቹን አንቀጾች የሚጠቅስ ከሆነ፣ የመምህሩ ዲግሪ ማዕረግ ይህን አያካክሰውም። ቀጥዬ ቤተ መጻሕፍቱን እጠይቃለሁ። በመጨረሻ ፍርዶች ላይ መሠረታዊ የሕግ ስሕተት መኖሩን በሚመረምረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጥ የሕግ ትርጉም በአዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ከሆነ ጀምሮ፣ የሰበር ውሳኔ ሳያነብ የሚመረቅ ተማሪ ችሎት ውስጥ የሚሠራበትን ሕግ በግማሽ እንኳ አያውቀውም። ከዚያም የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከሉን መዝገብ ከፍቼ ተማሪው ያረቀቀውን አቤቱታና መምህሩ በኅዳግ ላይ የጻፈውን እርማት ጎን ለጎን አያለሁ። እርማት የሌለበት መዝገብ ካጋጠመ ማዕከሉ ለስም የቆመ መሆኑን እንደ አንድ ግኝት በሪፖርቱ ላይ ማስፈር ይገባል።

ጥያቄ፦ ተማሪዎችስ ቅሬታ ማቅረብ ይችላሉ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ በመጀመሪያ ለትምህርት ክፍሉ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ መልስ ካጡ ማመልከቻውን ከነማስረጃው ለባለሥልጣኑ ይውሰዱ።