የአያት ወረቀት ሙዚየም ገብቶ ሲቀር የማን ነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ነው። ቤተሰባችን ከዘጌ ነው። አያቴ በንጉሡ ዘመን ሹም ነበሩ። ደብዳቤያቸውን፣ ፎቷቸውንና የግብር ደረሰኛቸውን አጎቴ በ1988 ዓ.ም. ለአንድ ሙዚየም አስረከቡ። አሁን ሄደን ስንጠይቅ “የተሰጠ ነው፣ አይመለስም” ተባልን። ኮፒም ከለከሉን። አጎቴ አርፈዋል። መክሰስ እንችላለን? ደረሰኞቹስ ለመሬት ክርክር ይጠቅሙናል? ቤት የቀሩትን ጥቂት ወረቀቶች ደግሞ ወንድሜ ካልሸጥኩ እያለ ነው።

መልስ፦ የርክክቡን ወረቀት ፎቶ አንስተው ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ያለ እሱ የምሰጥዎት መልስ ግምት ብቻ ይሆን ነበር። የካርቦን ኮፒ ነው፣ ማህተሙም ግማሹ ጠፍቷል። ዋናው ዐረፍተ ነገር ግን ደህና ይነበባል፦ “ለጥናትና ለሕዝብ ዕይታ እንዲውል ያስረከብኩ መሆኔን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።” ስጦታ ነው አይልም። በአደራ ነውም አይልም። የጉዳያችሁ ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አደራና ስጦታ ለየቅል ናቸው። በአደራ የተቀበለ (ቁጥር 2779) ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይደለም። ሙዚየሙ “ዕቃው በእጄ ነው፣ ባለቤቱም እኔ ነኝ” ሊል ይችላል፤ ቁጥር 1193 እንዲህ ያለ ግምት ይሰጠዋል። ግን ግምት ነው፣ በማስረጃ ይፈርሳል። እኔ ዐረፍተ ነገሩ ወደ እናንተ ያዘነብላል ባይ ነኝ። ወረቀቱ ለምን እንደሚውል ይናገራል እንጂ ባለቤትነት ተላለፈ አይልም። ደግሞ በጣና ዳር ውድ ነገርን በገዳም ዕቃ ቤት ማስጠበቅ የኖረ ልማድ ነው። የርስትና የጉልት ጉዳይ በወንጌል ዳርቻ ላይ ይጻፍ የነበረውም እንዳይጠፋ ነው። አጎትዎ በዚህ ልማድ ያደጉ ሰው እንደመሆናቸው ዳኛው ሐሳባቸውን ሲመረምር ይህን ቢሰማ ጥሩ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አያትዎ ሲሞቱ ወረቀቱ የወራሾቹ ሁሉ የጋራ ንብረት ሆኗል። የጋራ ንብረትን ለሌላ ለማስተላለፍ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል፤ የፈረሙት ግን አጎትዎ ብቻ ናቸው። ይህ ጠንካራ ነጥብ ይመስላል፣ ብቻውን ግን አያድናችሁም። ፍርድ ቤቱ “ስጦታ ነው” ካለ ሙዚየሙ እንደ ባለቤት ሆኖ ለረጅም ዘመን ስለያዘው የእኔ ሆኗል ብሎ ይከራከራል። በአደራ ከሆነ ደግሞ ለሌላ ሰው የያዘ ነውና ዘመን ባለቤት አያደርገውም። ይሁን እንጂ የ10 ዓመቱን የውል ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ (ቁጥር 1845) ማንሳቱ አይቀርም። ይርጋው ከየትኛው ቀን ይቆጠራል የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው።

ስለዚህ “ይመለስልን” ብሎ በክስ መጀመርን አልመክርም። ከኮፒው ይጀምሩ። ሙዚየሙ የመንግሥት ተቋም ስለሆነ የመረጃ ነፃነት አዋጁ (590/2000) ይመለከተዋል። ጥያቄ በጽሑፍ ከቀረበለት በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት፤ ከከለከለም ምክንያቱን መግለጽ አለበት። ደብዳቤውን ሲያስገቡ በእጅዎ የሚቀረው ኮፒ ላይ ቁጥርና ማህተም ያስመቱ። ከከለከሉዎት ለተቋሙ ኃላፊ፣ ከዚያም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ይበሉ።

ከወረቀቶቹ ኮፒ በተጨማሪ ሙዚየሙ ንብረቱን የመዘገበበትን ገጽና ከአጎትዎ ጋር የተጻጻፈውን ሁሉ ይጠይቁ። “በስጦታ ተመዘገበ” የሚል ከሆነ ማን፣ መቼ፣ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደጻፈው ማወቅ አለብን። አንድ ነገር በጣም አሳስቦኛል። ርክክቡ “ደብዳቤ 14፣ ፎቶ 6” ይልና መጨረሻው ላይ “ልዩ ልዩ ወረቀት 1 ጥቅል” ይላል። ከዚያ ጥቅል ውስጥ አንድ ቅጠል ቢጎድል ማን ያውቃል? እባክዎ ጥቅሉ በእናንተ ፊት ተፈትቶ በቅጠል እንዲቆጠርና ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ በደብዳቤው ውስጥ ይጠይቁ። ክሱን ብታሸንፉ እንኳ የምትረከቡት በዝርዝር የተጻፈውን ነው።

የመሬቱን በአጭሩ ልመልስ። የግብር ደረሰኙ ርስቱን አይመልስም። የገጠር መሬት በአዋጅ 31/1967 የሕዝብ ሆኗል። ዛሬ ለክርክር የሚጠቅማችሁ የይዞታ ደብተሩ ነው። ደረሰኙ የዘር ሐረግና የቦታ ስም ለማስረዳት ግን ያግዛል።

ወደ ወንድምዎ ስንመጣ፣ ቤት የቀረውም የሁላችሁ ነው፤ ያለ እናንተ ፈቃድ አይሸጥም። በዚያ ላይ ቅርስ ከሆነ አዋጅ 209/1992 አለበት። ቅርስ በግለሰብ እጅ መሆኑ አይከለከልም፤ ነገር ግን መመዝገብ አለበት፣ ሲሸጥም ለቅርስ ባለሥልጣኑ ማሳወቅ ግድ ነው። መንግሥትም ቀድሞ የመግዛት መብት አለው። ገዢው የውጭ አገር ሰው ከሆነማ ነገሩ ከበድ ይላል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ወንጀል ነው። ይህን ቁጣ ሳይቀላቅሉ ለወንድምዎ ያስረዱት። ገንዘብ ቸግሮት ሊሆን ይችላልና ቤተሰቡ በዚያ በኩል ቢደግፈው ይሻላል።

አደራ፣ እነዚያን ወረቀቶች “እንዳይበላሹ” ብላችሁ ላሚኔት እንዳታስደርጉ። ላሚኔሽን አንዴ ከተሠራ ሳይጎዳ አይላቀቅም። የሐይቁ እርጥበት በማይደርስበት ቦታ በንጹሕ ፖስታ አስቀምጧቸው፣ በሁለቱም ገጽ ፎቶ አንሷቸው።

አሁን ወራሾቹ ተሰባስባችሁ የወራሽነት ማረጋገጫ ከወረዳ ፍርድ ቤት አውጡ። ለአንዳችሁም ውክልና ስጡ፤ ሙዚየሙ “አንቺ ማነሽ?” እንዳይል። የሙዚየሙ መልስ ሲደርስዎ ከርክክቡ ወረቀት ጋር ይላኩልኝ። ክስ ያዋጣል አያዋጣም የሚለውን ያኔ አይተን እንወስናለን።